ማን ነገረህ?

መርካቶ ውስጥ ወሬ ይዛችሁ ብትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነት ነው ወይ?» አይደለም። «ማን ነገረህ?» ነው። ስኳር ሊወደድ ነው በሉ፣ «ማን ነገረህ?» ትባላላችሁ። እገሌ ከሰረ በሉ፣ አሁንም «ማን ነገረህ?»። ነጋዴው ወሬውን ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት ያመጣውን ሰው ያወጣል። መቼም ይሄ ጠባይ የነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። የተማረ የምንለው ሰው እንኳ መጽሐፍ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው የጸሐፊውን ስም ነው።

«ሰው ማስረጃ ፊቱ ተደርድሮለት ለምንድነው ያመነውን የሙጥኝ የሚለው?» እያልን እንገረማለን። አላዋቂ ነው፣ ግትር ነው፣ ኋላ ቀር ነው ብለን እንደመድማለን። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ ከነጋዴው «ማን ነገረህ?» የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እስቲ ነገሩን በታሪክ እንየው፤ ከዚያው ከመርካቶ ደጅ እንጀምር።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለ። የድሮው የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማውን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ሰው ገበያ «መርካቶ ኢንዲጀኖ» ብሎ ወደ ምዕራብ ገፋው። ድልድዩ እንግዲህ በአሮጌው ገበያና በአዲሱ ገበያ መካከል ቀረ። በዚያ የሚያልፈው ሰው ስሙን በቀን ስንት ጊዜ ይጠራዋል፤ ስለ ባለ ስሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ባለ ስሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት አደጉ። በዐድዋ ዘመቱ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም እስኪሞቱም ድረስ የመንግሥቱ ምሶሶ ነበሩ። ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸዋል። ዳኝነታቸው የተመሰገነ ነበርና ባለቤቱ ያልታወቀ ብልሃተኛ ፍርድ ሁሉ ዛሬም የሳቸው ነው ይባላል። እኚህ ብልህ ሰው የጦር ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ነው እንግዲህ ያ ትልቁ ምስጢር የተፈጸመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ምኒልክ ታመሙ። በ1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። ንጉሡ ሰውነታቸው እየደከመ፣ አንደበታቸው እየተያዘ ሄደ። ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ፤ እሳቸውም በ1903 ዓ.ም ሞቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምኒልክ ከአደባባይ ጠፍተዋል። የውጭ ጋዜጦች «የአቢሲኒያ ንጉሥ ሞተ» ብለው በተለያየ ጊዜ ደጋግመው ጻፉ። ንጉሡ ግን በሕይወት ነበሩ።

ኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም የእውነት ሞቱ። ያን ጊዜ ደግሞ የተናገረ የለም። አዋጅ አልተነገረም፣ ለቅሶ አልተለቀሰም፣ ነጋሪት አልተጎሰመም። አስከሬኑ በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ያለ ሥርዓት በጸጥታ ተቀበረ። እንግዲህ ሳይሞቱ ሞቱ ተባሉ፤ ሲሞቱ ደግሞ አሉ ተባሉ።

የደበቁት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። መጋቢት 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቆስለው መውደቃቸው ሲሰማ ድል ሊያደርግ የተቃረበው ሠራዊት መበተኑን ያልሰማ መኳንንት አልነበረም። ንጉሥ ሲሞት መንገድ ይዘጋል፣ ሽፍታ ይነሣል፣ ገበያ ይበተናል። ወራሹ እስኪደላደል ድረስ ሞትን መሸሸግ የቆየ የመንግሥት ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ በዚህኛው ጊዜ ነገሩ ረዘመ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ፣ ንጉሥ ነገሥት ሳይባሉ አገር ገዙ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ፣ ለሦስት ዓመት ገደማ፣ አገሪቱ ያልተለቀሰለት ንጉሥ ነበራት። ዐፅማቸው በክብር ወደ በዓታ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን እስቲ ራሳችንን በአራዳ ገበያ በ1906 ዓ.ም በርበሬ በሚሸጥ አንድ ሰው ቦታ እናስቀምጥ። ከግቢ የወጣ የአንድ አሽከር ዘመድ ጆሮው ላይ «ጌታ ሞተዋል» ይለዋል። ይህ ሰው ይመን? ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ተብሎ ሐሰት ሆኗል። አይመን? ግቢው ዝም ብሏል። ማስረጃ የሚባል ነገር እጁ የለም፤ ሊያገኝም አይችልም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ የሚነግረውን ሰው መመርመር። ያ ሰው ምኒልክ አሉ ብሎ ቢቀር አላዋቂ ልንለው እንችላለን? በበኩሌ አልልም። አላዋቂ እንዲሆን የተደረገ ሰውና ማወቅ ያልፈለገ ሰው አንድ አይደሉም።

ችግሩ ይህ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም ተይዘው ታሰሩ፤ የጣሊያን ጦር አገሪቱን በወረረበት በኅዳር 1928 ዓ.ም ሞታቸው ተሰማ። እንዴት ሞቱ? የት ተቀበሩ? ይሄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በመሸም በነጋም የሚነገረው መልስ እንደ ተናጋሪው ወገን ይለያያል።

ከዚያ የጃንሆይ ተራ ደረሰ። ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋዜማው በሕመም ምክንያት ማረፋቸውን በመገናኛ ብዙኃን አስነገረ። ቀደም ሲል ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋርም አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉም። ቀብር የለም፣ ለቅሶ የለም፣ መቃብር የለም። እንግዲህ ምኒልክን የደበቀው ዘዴ ስድሳ ዓመት ቆይቶ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ከአንድ አዛውንት ጋር ስለዚህ ነገር ተጫውተን ነበር።

«አባባ፣ ጃንሆይ ሞቱ ሲባል ሬዲዮ ሰምተው ነበር?» አልኳቸው።

«አሳምሬ ሰምቻለሁ ልጄ።»

«አመኑ?»

«ማን ነገረኝና ነው የማምነው? በዚያው ዓመት በኅዳር ስልሳ ሰው በአንድ ሌሊት የረሸኑ ናቸው የነገሩኝ። እነሱ ‹ሽማግሌው በአልጋቸው ላይ ሞቱ› ቢሉኝ እኔ ሕፃን ነኝ? ገድለዋቸዋል አልኩ። ጎረቤቴ ደግሞ ከዚህም አልፎ ‹የሉም እንዳትሉ፣ እንግሊዝ አገር ተሻግረዋል› ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ አልተወም።»

ይሄን ጨዋታ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። አዛውንቱና ጎረቤታቸው የሰሙት አንድ ሬዲዮ ነው። ሁለቱም በአንድ ምክንያት፣ ተናጋሪውን ስላላመኑ፣ አላመኑም። አዛውንቱ ግን ወደ እውነት ተጠጉ፤ ጎረቤታቸው ራቁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም የንጉሡ ዐፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በኮንክሪት ሥር ተገኘ። የደርግ ባለሥልጣኖች ፍርድ ቤት ሲቀርቡም የንጉሡ ግድያ ከክሱ አንዱ ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? በልጥ የሚበረግግ ሰው አንዳንድ ጊዜ የእውነት እባብ ያመልጣል። ሌላ ጊዜ ግን በልጡ የተነሳ ገደል ይገባል። ጥርጣሬ ሚዛን የለውም፤ ውሸቱንም እውነቱንም እኩል ይጥላል።

የተገኘው ዐፅም ለዓመታት በበዓታ ተቀመጠ። አዎን፣ ያው ምኒልክ ያረፉበት በዓታ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሥነ ሥርዓቱ ላይ የቦብ ማርሌ ባለቤት ሪታ ማርሌ ተገኝተው ነበር። ከራስ ተፈሪያውያን ብዙዎቹ ግን አልመጡም፤ ዐፅሙም የሳቸው ነው አላሉም።

የነሱን ነገር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ራስ ተፈሪያውያን ከ1923ቱ የንግሥና በዓል በኋላ ጃማይካ ውስጥ የተነሡ ናቸው። ንጉሡ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የውጭ ጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጥተው ስለነበር ባሕር ተሻግረው እዚያ የሰፈሩም አሉ። ንጉሡ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ለአንድ የካናዳ ጋዜጠኛ ሰው መሆናቸውን፣ ሟችም መሆናቸውን በግልጽ ተናግረዋል። የሚያመልኩት ሰው «እኔ ሰው ነኝ» ሲል እንኳ እምነቱ አልተነቃነቀም። ሞቱ በተባለ ሰሞን ቦብ ማርሌ «ጃህ ላይቭ» የሚል ዘፈን አወጣ።

እዚህ ላይ «ማን ነገረህ?» ብቻውን አይበቃም። እዚህ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ብተወው ምን ይቀረኛል?» የሚል። ቤቱን ሸጦ፣ ዘመዱን ትቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሻሸመኔ ጎጆ የቀለሰ ሰው ስለ ንጉሡ ሞት ሲጠየቅ የሚጠየቀው ስለ አንድ ሽማግሌ ሞት ብቻ አይደለም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ልጆቹን ስላሳደገበት መንገድ፣ በነጮች አገር ተዋርዶ ስላገኘው ክብር ነው። ለናንተ አንድ ዐፅም ነው፤ ለሱ ግን ዕድሜው ነው።

በኛም ቤት ያው ነው። በሰፈራችሁ እድር ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያምናል እንበል። እናንተ ብቻ ማስረጃ አግኝታችሁ ተቃወማችሁ። ማስረጃው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ስትሞቱ ድንኳን የሚተክለው ማስረጃው አይደለም። ሰው ይሄን ሳያስበው ያሰላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ልብ ማየት የማይፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ ፈረንጆች የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። ቺካጎ አጠገብ አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1954 ዓለም በጎርፍ ትጠፋለች፣ እኛን ከሰማይ የሚመጡ ፍጡራን ያድኑናል ብላ ተከታይ አፈራች። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ አማኝ መስለው ሰዎች አስገቡባቸው። ቀኑ መጣ፣ ጎርፉ ቀረ። ተከታዮቹ ግን «በኛ ጸሎት ዓለም ዳነ» ብለው ከበፊቱ ይልቅ መስበክ ጀመሩ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ማስተማሪያ ሆነ።

ታዲያ የሚገርመው ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ አንድ ጥናት ከማኅደር የወጡ ሰነዶችን መርምሮ ታሪኩ እንደተነገረው አይደለም ይላል። በጥናቱ መሠረት ብዙዎቹ ተከታዮች ብዙ ሳይቆዩ ነገሩን ትተዋል፣ ቡድኑም ተበትኗል፤ አማኝ መስለው የገቡት ሰዎችም ነገሩን አባብሰውታል። ሰው ማስረጃ አይሰማም የሚለውን ለማሳየት ሰባ ዓመት ሙሉ ሊቃውንቱ የተመረኮዙበት ታሪክ ራሱ በማስረጃ ተነቀነቀ ማለት ነው። ሊቃውንቱስ ለምን አመኑት? ያው ነው፤ የነገራቸው የሚያከብሩት ሰው ነው። እንግዲህ «እኛ እናውቃለን፣ ሕዝቡ ግትር ነው» የምንል ሰዎች ትንሽ አፋችንን ብንይዝ አይከፋም።

ከዚህ ታሪክ ግን አንድ ተስፋ አገኛለሁ። ሰው ያመነውን ይተዋል። የሚተውበት መንገድ ነው መታወቅ ያለበት። ለዚህ ሁለት የአገራችን ምሳሌ አለኝ።

አንደኛው የገበያ ነው። ዐፄ ምኒልክ ምስላቸው ያለበትን ብር ፓሪስ አሠርተው በ1880ዎቹ አጋማሽ አወጡ። በክብደትም በብሩ ጥራትም ከማርትሬዛ የማያንስ ነበር። ገበያው ግን በብዙ ቦታ አልቀበልም አለ፤ ወይም በቅናሽ ተቀበለ። ባለገበያው 1780 የሚል ቁጥር ያለባትን የኦስትሪያዋን ንግሥት፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቆጠረ፣ ከገዛ ንጉሡ አስበልጦ ያዘ። «እኩል ነው» የሚለው አዋጅ አላሳመነውም። ወረቀት ሲመጣማ ባሰ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ብር ሲወጣ ግን መንግሥት በአዋጅ ብቻ አልቆመም። የሃምሳ ሳንቲሙን ዝርዝር ከመቶ 80 እጁ ንጹሕ ብር በሆነ ማዕድን አሠራው። ብሩም በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ የተገኘ ነበር። ባለገበያው ወረቀቱን ባያምን እጁ ላይ የሚያቃጭለውን ያምናል። እምነትን የፈለገ መንግሥት መጀመሪያ ራሱ መያዣ አስቀመጠ ማለት ነው። ወረቀቱም ቀስ በቀስ ለመደ።

ሁለተኛው የሞትና የሕይወት ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ከነሱ ውስጥ መድኃኒት መውሰድ በእግዚአብሔር አለማመን ነው ብለው ያቋረጡ፣ ጭራሽ ያልጀመሩም ነበሩ። ሐኪም ቢነግራቸው፣ በራሪ ወረቀት ቢሰጣቸው፣ ቁጥር ቢጠቀስላቸው «አንተ ማነህ?» ነው መልሱ። ይሄ ክርክር በአፍ የሚያልቅ አይደለም፤ ሰው የሚያልቅበት ነው። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ።

ልብ በሉ፣ የሳይንሱ ማስረጃ በዚያ ቀን አልተለወጠም። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የነገራቸው «ማን ነገረህ?» ሲባል ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ «እምነትህን ጥለህ ና» አልተባሉም፤ ክብራቸውን ይዘው የሚያልፉበት በር ተከፈተላቸው። ሁሉም ሰማ አልልም። በሩ ባይከፈት ግን በግድግዳው ሰብሮ የሚያልፍ ስንት ሰው ይኖር ነበር?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል ተረት አለን። ደስ የሚል ተረት ነው፤ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ግን ያደርገናል። የምኒልክ ሞት እያደር ጠራ፤ የደበቁት ሰዎች ልማድ ግን ስድሳ ዓመት ኖሮ ጃንሆይ ላይ ደገመ። እውነቱ ሲጠራ ውሸቱ ያበላሸው መተማመን አብሮ አይጠራም። ያ እንደ ዕዳ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ዛሬ መንግሥት እውነት ሲናገር እንኳ «ምን ደብቀው ነው?» የሚለው ሰው ወለዱን እየከፈለ ያለው እሱ ያልተበደረውን ዕዳ ነው።

ለዚህ ነው በእጅ ስልክ «በሬ ወለደ» የሚል ወሬ ሲደርሰን፣ አጎታችን ወይም ጎረቤታችን አጥብቆ ሲያምነው፣ ማስረጃ መወርወር ብቻ የማይበቃው። መወርወሩ ለወርዋሪው ደስ ይላል፤ የተወረወረበት ግን ጋሻውን ያነሳል። ይልቅ እስቲ እንጠይቀው። ማን ነገረህ? ያንን ሰው ለምን አመንከው? ብትተወውስ ምን ታጣለህ? ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ የእውነተኛው ጉዳይ ጫፍ ይገኛል።

ባለሥልጣንም፣ ጋዜጠኛም፣ ሐኪምም፣ የሃይማኖት አባትም፣ ለሕዝብ አንድ ነገር የምንናገር ሁሉ «ሕዝቡ ለምን አያምንም?» ብለን ከመማረራችን በፊት ሌላ ነገር ብንቆጥር ይሻላል። ይህን ሕዝብ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ዋሽተነዋል? ስንት ጊዜስ ዋሽተንህ ነበር ብለን ነግረነዋል? ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ «ማን ነገረህ?» የሚለው ሰው ጥፋተኛ አይመስለኝም።